ስድስት ሰዓት ተኩል የቀነሰው ነፋስ

በኖቬምበር 1952 አንድ የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ከቶኪዮ ተነሥቶ ወደ ሆኖሉሉ አቀና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አውሮፕላኑ ስትራቶክሩዘር ይባላል፤ አራት ሞተር ያለው፣ በፕሮፔለር የሚበር ባለ ሁለት ፎቅ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ውቅያኖስ አለ፤ ይህን ለማቋረጥ እስከዚያ ጊዜ 18 ሰዓት ይፈጅ ነበር። የዚያን ዕለቱ በረራ ግን በ11 ሰዓት ተኩል ሆኖሉሉ ገባ።

ሞተሩ አልተለወጠም፤ ባሕሩም አልጠበበም። አብራሪዎቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር እስከ 7,600 ሜትር ወጥተው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚሮጥ ብርቱ ነፋስ ውስጥ መግባት ነው። ይህን ለማድረግ ነፋሱ እዚያ መኖሩን፣ በየትኛው ከፍታና በየትኛው ወር እንደሚበረታ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያ እውቀት ከዚያ ቀን 28 ዓመት በፊት ተለክቶ፣ በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ በኋላም ታትሞ ነበር። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ግን ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው አልቋል።

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጣ ብሎ ታቴኖ የሚባል ስፍራ አለ። በ1920 የጃፓን መንግሥት እዚያ ከፍ ያለውን የአየር ክፍል ብቻ የሚያጠና ጣቢያ ከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባሉ የሜትሮሎጂ ሊቅ ነበሩ። ጀርመን ሄደው በዘመኑ በዚህ ሙያ ስመ ጥር ከነበሩት ሰዎች ዘንድ ተምረዋል፤ መሣሪያውንም አሠራሩንም ይዘው ተመልሰዋል።

አሠራሩ ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ለመሥራት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሃይድሮጂን የተሞላ የጎማ ፊኛ ይለቀቃል። በውስጡ ያለው ጋዝ መጠኑ ስለሚታወቅ በየደቂቃው ስንት ሜትር እንደሚወጣም ይታወቃል። መሬት ላይ ያለው ሰው በቴዎዶላይት (መንገድ ቀያሾች በሚጠቀሙበት ዓይነት መነጽር) ፊኛውን እየተከተለ በየደቂቃው ሁለት ማዕዘን ያነብባል፤ አንደኛው ፊኛው ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ሁለተኛው ወደ የት አቅጣጫ እንዳለ ይነግረዋል። ከፍታውና ሁለቱ ማዕዘኖች ከታወቁ ፊኛው ከየትኛው ቦታ በላይ እንዳለ በሒሳብ ይገኛል። ከአንዱ ደቂቃ ወደ ሌላው የሄደበት ርቀትም የነፋሱ ፍጥነት ነው።

ይህ ዘዴ አንድ የተደበቀ ጉድለት አለው፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብዝቼ የማስበውም ይኼንኑ ነው። ሰማዩ ከደመነ ፊኛው ይጠፋል። ነፋሱ በጣም ከበረታም ፊኛው ወደ አድማስ ተወስዶ ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ነፋሱ ጸጥ ባለ ቀን የተለቀቀው ፊኛ እስከ ላይ ይታያል፤ ውጤቱም ይመዘገባል። ነፋሱ በተቆጣ ቀን የተለቀቀው ግን ዋናውን ነገር ሳይናገር ይጠፋል። ከፍተኛው አየር ለረጅም ጊዜ እርጋታ የሰፈነበት የመሰለው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው፤ መዝገቡ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የለዘብተኞቹ ቀናት ምስክርነት ነበርና።

ታቴኖ ግን ዕድለኛ ቦታ ናት። በቀዝቃዛዎቹ ወራት በጃፓን የፓስፊክ ዳርቻ በኩል ሰማዩ ጥርት ይላል፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ፊኛ ከሩቅ ይታያል። ኦይሺና ረዳቶቻቸው ከማርች 1923 እስከ ፌብሩዋሪ 1925 ድረስ 1,288 ምልከታዎችን አካሄዱ። ዲሴምበር 2 ቀን 1924 አንዱ ፊኛ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ቁጥሮቹ ለማመን የሚከብዱ ሆኑ። ነፋሱ በሰከንድ 72 ሜትር ይነፍሳል። ይህ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሬት ላይ ቢሆን ጣራ የሚያስቀር አልነበረም።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን የመሣሪያ ስሕተት ተብሎ በታለፈ ነበር። ኦይሺ ግን የሁለቱን ዓመት ምልከታ በየወቅቱ ከፋፍለው አማካዩን ሲያወጡ፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍሰው የምዕራብ ነፋስ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። ያ ነፋስ እንግዲህ አውሎ ነፋስ አልነበረም፤ የወቅቱ የዘወትር ጠባይ ነበር። በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ወራት ከጃፓን ሰማይ በላይ ሌት ተቀን ወደ ምሥራቅ የሚጎርፍ አየር አለ ማለት ነው።

ኦይሺ ውጤቱን በ1926 አሳተሙ። ሪፖርቱን የጻፉት በኤስፔራንቶ ነው፤ በ1887 ዛሜንሆፍ የሚባሉ የዋርሶ ሐኪም የዓለም ሕዝብ ሁሉ እኩል የሚግባባበት ቋንቋ ይሁን ብለው ባዘጋጁት ቋንቋ። ኦይሺ ይህን ዓላማ ከልባቸው ይወዱት ነበር፤ በኋላም የጃፓን የኤስፔራንቶ ተቋም ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በጃፓንኛ ብጽፈው ከጃፓን ውጭ የሚያነበው የለም ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። እስከ 1944 ድረስ ከጣቢያው 19 ሪፖርቶች በዚሁ ቋንቋ ወጡ። ለውጭ አገር የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም ተላኩ። መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ፤ የሚያነባቸው ግን አልተገኘም ማለት ይቻላል።

ለሰው ልጅ ሁሉ በተባለ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ለማንም ሳይደርስ ሲቀር ማየት ልብ ይነካል። በአማርኛ ሳይንስ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የበለጠ ይሰማዋል። ኦይሺ ያደረጉት ትክክል ነበር፤ ለኩ፣ አሰሉ፣ አሳተሙ፣ ላኩ። ከዚያ በላይ ከአንድ ተመራማሪ ምን ይጠበቃል?

እውቀቱ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ አንድ ሰው ሳያውቀው ወደዚያው ነፋስ ገባ። ዋይሊ ፖስት አሜሪካዊ አብራሪ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በነዳጅ ማውጫ ሥራ ላይ በደረሰባቸው አደጋ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል፤ በ1933 ደግሞ ብቻቸውን ዓለምን በአውሮፕላን የዞሩ የመጀመሪያው ሰው ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ላይ መውጣት ነበር። ዊኒ ሜይ የተባለችው አውሮፕላናቸው ከእንጨት የተሠራች በመሆኗ አየር አምቆ መያዝ አትችልም። ስለዚህ ግፊቱን ወደ ራሳቸው ሰውነት አመጡት፤ ከጎማና ከጨርቅ የተሠራ፣ እንደ ጠላቂ ዋናተኛ ክብ የራስ ቁር ያለው ልብስ አሠሩ። የዛሬ የጠፈርተኞች ልብስ ቅድመ አያት ይህ ነው።

ማርች 15 ቀን 1935 ከካሊፎርኒያዋ በርባንክ ተነሥተው ኦሃዮ ውስጥ እስካለችው ክሊቭላንድ በረሩ። መንገዱ 3,275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ጨረሱት። ሲሰላ በአማካይ በሰዓት ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ በአንዳንድ ቦታ ላይ 540 አልፎ ነበር። የዊኒ ሜይ ፍጥነት ግን በደህና ቀን 290 አካባቢ ነው። ትርፉን የሰጠው ማን ነው? አብራሪው ከኋላ የሚገፋ ብርቱ ነፋስ ማግኘታቸውን ተረድተዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት ግን አላስካ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ነፋሱም በአንድ ወር ውስጥ ለአንዱ ወገን እንቅፋት፣ ለሌላው መሣሪያ ሆነ።

ኖቬምበር 24 ቀን 1944 ከሳይፓን ደሴት 111 ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ወደ ቶኪዮ ተነሡ። ዒላማቸው በከተማዋ ዳርቻ የነበረው የናካጂማ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ነው። ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ወደ ምሥራቅ ሲያጠቁ ነፋሱ ከኋላ ገፋቸው፤ ከመሬት አንጻር ሲታይ ፍጥነታቸው በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር አለፈ። የቦምብ ማነጣጠሪያቸው ለእንዲህ ያለ ፍጥነት አልተሠራም። ዋናውን ዒላማ የደበደቡት 24 ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም የብዙዎቹ ቦምብ ሌላ ቦታ ወደቀ። ነፋሱን ተጋፍጦ ማጥቃት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከጃፓን መድፎች በላይ የሚያዘግም ዒላማ ይሆናልና።

ከአሜሪካ ጦር የአየር ትንበያ ሠራተኞች አንዱ ወጣቱ ሪድ ብራይሰን ነበሩ፤ በኋላ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ የአየር ንብረት ሊቅ የሆኑት። እርሳቸውና ባልደረባቸው ከበረራው በፊት በዚያ ከፍታ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነፋስ እንደሚኖር አስልተው ሲያቀርቡ አለቆቻቸው እንዳላመኑ ሲተርኩ ኖረዋል። ማን ያምናል? በሚያውቁት መጽሐፍ ሁሉ እንዲህ ያለ ነፋስ የለም። በታቴኖ መዝገብ ውስጥ ግን ነበረ፤ ያውም የሚደበድቡት አገር ሊቅ፣ ዓለም ሁሉ ያንብበው ብለው የጻፉት።

ከከፍታ ላይ ማነጣጠር እንዳልተቻለ በተደጋጋሚ ከታየ በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል ስልቱን ለወጠ። ነፋሱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር እንጂ ብቸኛው አልነበረም። ማርች 9 ለ10 አጥቢያ 1945 ቢ-29ዎቹ በሌሊት ዝቅ ብለው መጡና ከእንጨትና ከወረቀት በተሠሩ የቶኪዮ ሰፈሮች ላይ እሳት አዘነቡ። በዚያች ሌሊት ወደ 100,000 የሚገመት ሰው አለቀ።

በሌላ በኩል የጃፓን ጦር ያንኑ ነፋስ መሣሪያ አደረገው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎቹን ጠየቀ፤ እነርሱም በአገራቸው የተከማቸውን የከፍታ ነፋስ መዝገብ ይዘው አሰሉ፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ዘጠኝ ወይም አሥር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚቆይ ፊኛ ፓስፊክን በጥቂት ቀናት ያቋርጣል አሉ። የተማሪ ልጃገረዶች ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ባህላዊ ወረቀት እየለጠፉ አሥር ሜትር የሚሰፋ ፊኛ ሠሩ። ፊኛው ሌሊት ቀዝቅዞ ሲወርድ የአሸዋ ከረጢት በራሱ እየጣለ ይነሣል፤ ቀን ሞቆ ሲወጣ ጋዝ ይለቃል። በዚህ ብልሃት ከነፋሱ ሳይወጣ ቦምብ ተሸክሞ ይጓዛል። ከኖቬምበር 1944 እስከ ኤፕሪል 1945 ድረስ 9,300 ያህል ተለቀቁ። አብዛኞቹ የት እንደገቡ አልታወቀም፤ ወደ 300 የሚሆኑት ግን በሰሜን አሜሪካ ታይተዋል ወይም ተገኝተዋል። ሜይ 5 ቀን 1945 ኦሬገን ውስጥ ብላይ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ለሽርሽር የወጡ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትና አምስት ልጆች ጫካ ውስጥ የወደቀውን አግኝተው ሲቀርቡት ፈነዳ። በዚያ ጦርነት በጠላት ጥቃት በአሜሪካ ዋና ምድር ላይ የሞቱት ሲቪሎች እነርሱ ብቻ ናቸው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ነፋሱን የማያውቁ አብራሪዎች ነበሩ። ኦገስት 2 ቀን 1947 ስታር ደስት የተባለች የብሪታኒያ አውሮፕላን 11 ሰዎች ይዛ ከቦነስ አይረስ ወደ ሳንቲያጎ ተነሣች። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። መካከሉ ላይ ግን የአንዲስ ተራሮች አሉ፤ በዚያ ቀን ደግሞ ደመና ሸፍኗቸዋል። የአውሮፕላኗ ሠራተኞች ምድሩ ስለማይታያቸው ያሉበትን የሚያውቁት በሰዓትና በፍጥነት ሒሳብ ነው፤ ይህን ያህል ሰዓት በዚህ ፍጥነት ከበረርን እዚህ ደርሰናል ይላሉ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳንቲያጎ እንገባለን ብለው በሬዲዮ አስታወቁ። አልገቡም።

ከ50 ዓመት በኋላ የቱፑንጋቶ ተራራ የበረዶ ግግር ስብርባሪውን መትፋት ጀመረ። ቦታው ከሳንቲያጎ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። መርማሪዎቹ የደረሱበት ማብራሪያ፣ አውሮፕላኗ ከፍ ብላ በምትበርበት ጊዜ ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ከፊት ገጥሟት እንደነበር ነው። ሞተሩ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ የፍጥነት መለኪያው ልክ ነው፤ ምክንያቱም የሚለካው በአየሩ ውስጥ ያለውን ፍጥነት ነው። አየሩ ራሱ ወደ ኋላ እየሄደ መሆኑን የሚነግራቸው ግን አልነበረም። ተራራውን ተሻግረናል ብለው ዝቅ ሲሉ ተራራው ገና ከፊታቸው ነበር።

በዚያው በ1947 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ካርል ጉስታፍ ሮስቢና ፊንላንዳዊው ኤሪክ ፓልሜን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የነፋሱን ምንነት አፍታተው አወጡ። ጄት ስትሪም የሚለው ስም በሙያው የጸናው በእነርሱ ሥራ ነው። ምክንያቱን ባጭሩ ላስቀምጠው። ምድር ስትሽከረከር በምድር ወገብ ላይ ያለ ቦታ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ዋሽንግተን ባለችበት ኬክሮስ ግን 1,300 አካባቢ ነው። ከሞቃቱ ምድር ወገብ ተነሥቶ ወደ ዋልታ የሚያመራ አየር ያንን ትልቅ ፍጥነት ይዞ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው ምድር ዘገምተኛ ስለሆነ አየሩ ቀድሞት ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። በዚህ ላይ ሞቃት አየርና ቀዝቃዛ አየር ጎን ለጎን ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው የግፊት ልዩነት ከፍታ በጨመረ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ነፋሱ ከመሬት ይልቅ በአሥር ኪሎ ሜትር ከፍታ ይበረታል፤ የሙቀቱ ልዩነት ትልቅ በሚሆንበት የቅዝቃዜ ወራት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይቆጣል።

አምስት ዓመት ቆይቶ አየር መንገዶች በዚህ ነፋስ ላይ ተሳፍረው ትርፍ ማግኘት ጀመሩ። ዛሬ ረጅም በረራ የሚያቅድ ሰው ካርታ ላይ አጭሩን መስመር ብቻ አይፈልግም፤ የዕለቱን የነፋስ ትንበያ አንብቦ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱን የሚሸሽበትን፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ነፋሱን የሚያገኝበትን መንገድ ይመርጣል። ፌብሩዋሪ 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፤ ከመሬት አንጻር ሲለካ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ይህ በባሕር ጠለል ካለው የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል፤ አውሮፕላኑ ግን የድምፅን ወሰን አልጣሰም፤ በሚጓዝበት አየር ውስጥ ፍጥነቱ እንደ ወትሮው ነበር።

ሄዶ መመለስ ካለ ነፋሱ የሰጠውን መልሶ ስለሚወስድ ሒሳቡ ይካካሳል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። አይካካስም። በባሮ ወንዝ ላይ የሚቀዝፍ ሰው ይህን ሳይሰላለት ያውቀዋል፤ ከወንዙ ጋር ሲወርድ የሚጠቅመው ጊዜ ሲመለስ ከሚከፍለው ያንሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 9,000 ኪሎ ሜትር ይሂድና ይመለስ እንበል። ነፋስ ከሌለ አሥር ሰዓትና አሥር ሰዓት፣ በድምሩ 20 ነው። 150 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ሲኖር በሚገፋበት በኩል ከ8 ሰዓት ተኩል ጥቂት በላይ ይፈጅበታል፤ በሚጋፋው በኩል ግን 12 ሰዓት። ድምሩ ከ20 ሰዓት ተኩል ያልፋል። በነፋሱ ላይ የሚቆየው ጊዜ አጭር፣ ነፋሱን የሚታገለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ኪሳራው ሁልጊዜ ይበልጣል።

ይህን ይዘን ወደ ቦሌ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በሰማይ 11,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብናሰምር በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ወደ ምዕራብ ይወስደናል። ድቡልቡሉ ሉል ላይ ክር ብንወጥር ግን ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል፤ እውነተኛው አጭር መንገድ ይኼኛው ነው። ከዚያም አትላንቲክን በሰሜን በኩል ያቋርጣል። አትላንቲክ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ የኦይሺ ነፋስ ወንድም ነው፤ ከፊት ለፊት።

ዘመድ ጥየቃ አሜሪካ የተመላለሰ ሁሉ ያየው ነገር አለ። ሲመጡ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ፣ በ13 ሰዓት ግድም ይገባሉ። ሲሄዱ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ለብዙ ዓመታት ሮም፣ በኋላም ደብሊን ያርፍ ነበር፤ የማረፊያው ጊዜ ሲጨመር ጉዞው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ተሳፋሪው ከወንበሩ ሳይነሣ ነዳጅ ይሞላል፣ ሠራተኛ ይቀየራል፣ እንደገና ይነሣል። በሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የጫነ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት አንዱን ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይኸው አውሮፕላን አይደለም ወይ ያለማረፍ የሚመጣው?

ነፋሱ ከመልሱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ከተማችን ራሷ ናት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ በዋሽንግተን በኩል ያለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ክንፉን የሚያነሣው አየር ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው እርሱኑ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሞተሩ ደግሞ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው ርዝመት ወሰን አለው፤ ጎማውም የሚችለው ፍጥነት ወሰን አለው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይላል። ሰውና ጓዝ ካልተቀነሰ የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ያነሰ ነዳጅ ይዞ የሚነሣው እንግዲህ ነፋሱን በሚጋፋው ጉዞ ነው፤ ብዙ ነዳጅ መያዝ የሚችለው ደግሞ ነፋሱ በሚያግዘው ጉዞ። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አቅጣጫ ተደርበዋል። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የሚነሣ አየር መንገድ ይህን አይከፍልም፤ ከደጋ ላይ ተነሥቶ አሜሪካ መድረስ የተለየ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነውና ለዚያ ሙያ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

የዕለቱ በረራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚወስነው ቁጥር ዛሬም ከፊኛ ይጀምራል። በዓለም ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓትና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፊኛ ይለቃሉ። በቴዎዶላይት የሚከተላቸው ሰው ቀርቷል፤ ከሥራቸው የተንጠለጠለች ትንሽ ሬዲዮ ያሉበትን ትናገራለች፤ ስለዚህ ነፋሱ ቢበረታም፣ ቢደምንም አይጠፉም። ኦይሺ በ1950 ሞቱ። ሥራቸው በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ የሚገባውን ቦታ ማግኘት የጀመረው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።

አንድ ነገር ግን ከታቴኖም ከቺካጎም አምልጦ ነበር። በ1958 ኮቴስዋራም የሚባሉ ህንዳዊ የሜትሮሎጂ ሊቅ ከሐሩር ክልል የተሰበሰቡ የፊኛ መዝገቦችን ሲያጠኑ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ተቃራኒ ነፋስ እንዳለ ለዓለም አስታወቁ። በእነዚያ ወራት የቲቤት አምባ በፀሐይ ይግላል፤ ከእርሱ በላይ ያለው አየር ከምድር ወገቡ አየር በላይ ይሞቃል፤ የሙቀቱ ልዩነት ሲገለበጥ ነፋሱም ይገለበጣል። በ14 እና በ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች ከሚበሩበትም በላይ፣ ከእስያ ተነሥቶ ህንድንና የዓረብ ባሕርን አቋርጦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወደ አፍሪካ ይፈስሳል። የሚያልፈው ከኢትዮጵያ ደጋ በላይ ነው፤ ወራቱም ክረምታችን ናቸው። ይህ ነፋስ በበረታበት ዓመት የደጋው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ መልካም ይሆናል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ኤል ኒኞ ሲመጣ ይደክማል፤ በ2015ም ኤል ኒኞ ነበር፤ ክረምቱ ጎደለ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰብል ደረቀ፣ ከብት አለቀ። ለክረምቱ ትንበያ የሚቀመጡ ባለሙያዎች ዛሬ ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ ያ ከራሳችን በላይ የሚያልፈው ነፋስ ነው።